የአሸዋ ዋጋ

ታይዋን ገበያ ውስጥ፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን፣ ከአረንጓዴው ሱቅ፣
የምሸጠው ሁሉ ያንተ እጅ ሥራ ነው፤ ድሬ ይህን ይወቅ።

የዱቤ መዝገብ ነው፤ በስልክ የሚያዝ፤ በሦስት አፍ የሚናገር፤
ከሱማሌው በሱማሊኛ፣ ከኦሮሞው በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ሲከራከር።
ሁለት ዓመት ሙሉ ገንደ ቆሬ ቁጭ ብለህ፣
መብራት ሲጠፋ በጎረቤት ባጃጅ ባትሪ ላፕቶፕህን ሞልተህ፣
ጻፍከው ሊባን። ስትጨርስም ምንጩን ከነሥሩ ዘረጋኸው፤
«ውሰዱት፣ ፍቱት፣ ግጠሙት፣ አሻሽላችሁ ለሌላው ስጡ፤
አንድ ነገር ብቻ፦ በሩን አትዝጉት ኋላ ለሚመጡ።»

እኔ ዘጋሁት።
ስሙን ቀየርኩና አርማ ለጠፍኩበት፤
ዓመት ሲሞላው የሚጠረቀም ቁልፍ አበጀሁለት።
ሦስት መቶ ብር።

አትፍረድብኝ። ኪራይ አለ፣ ግብር አለ፣ የልጄ ትምህርት ቤት አለ፤
በሐሳብ ብቻ ያደረ ሰው፣ ከሳቢያን እስከ መጋላ፣ እስቲ ማን አለ?
አባቴንም ታውቀዋለህ፤ አሸዋ ነበር እንጀራው፤
ደቻቱ ሲደርቅ በአካፋ ዝቆ፣ በአህያ ጭኖ ለግንበኛ የሚሸጠው።
አሸዋን ማን ዘራው? ማን አረመው? የላይ አገር ዝናም ጥሎት ሄደ፤
አባቴ ለቅሞ ሸጠ፤ ሌባ ያለው የለም፤ ላቡን ነው የነገደ።

እንዲህ ብዬ ማታ ከራሴ ስሟገት፣
አንድ ነገር ልቤን እንደ እሾህ ወጋ፦
አባቴ ደቻቱን አላጠረም።
ሌላው አካፋ ይዞ ሲመጣ፣ «እዚህ ጋ ደቃቁ አለ፣ ና ቆፍር» አለ እንጂ፣
ወንዙን አልዘጋ።

ዛሬ ጠዋት ኡባህ መጣች፣ የግመል ወተት ነጋዴዋ፣
ስልኳን እንደታመመ ሕፃን ታቅፋ፤
የአርባ ሁለት ሰው ዱቤ ተቆልፎባት፣
ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደጠፋ።
«ሦስት መቶ...» ብዬ አፌን ስከፍት፣
«ብሩስ ይሁን» አለችኝ፣ «ግን የገዛ ጽሑፌን ለማንበብ አንተን ለምን ላስፈቅድ?
ወተቱ የኔ፣ ደንበኛው የኔ፣ መርሳቱም የኔ ነበር ድሮ፤
ካንተ የገዛሁት ማስታወስ ነው፤ እንዴት መልሰህ ትወስደዋለህ ዘንድሮ?»

ኮዱን አስገባሁ። እምቢ አለ።
ደግሜ አስገባሁ። እኔው ያበጀሁት ቁልፍ እኔን አላወቀኝም።
ካንተ በቀር የምደውልለት ሰው አልነበረኝም።

በእግርህ መጣህ፣ በዚያ ጠራራ፣ ደቻቱን በደረቁ አቋርጠህ፤
ከደጃፌ ቆመህ የጫማህን አሸዋ አራገፍህ።
አልተቆጣህም። አርማዬን አይተህ ፈገግ አልክ፤ አስር ደቂቃ አልፈጀህም፤
«ስንት ነው?» ብትልህ አልመለስክላትም።
ወተት ቀዳችልህ፤ በቁምህ ጠጣህ፤
ያኔ ነው ያየሁህ፦
ቁርስ ያልቀመሰ ሰው አጠጣጥ ነው የጠጣህ።

እሷ ስትሄድ፣ ያራገፍከውን አሸዋ እያየህ፣
«አምስት መቶ ብር ታበድረኛለህ?» አልከኝ፤
«ኪራዩ ሁለት ወር አለፈ» ብለህ።
ልክ የሆንከው አንተ፣ የጠገብኩት እኔ፤
ይህን የሚያስታርቅ ሽማግሌ፣ እስከ ለገሃሬ ብሄድ፣ አላገኝም እኔ።

ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁህ። ስትወጣ፣ ከልማድ፣ ስልኬን አነሳሁ፤
ያንኑ መዝገብ ከፍቼ፣ «አዲስ ተበዳሪ» የሚለውን ነካሁ።
ስም ጠየቀኝ።
ጣቴ ቆመ። ውጪ አሸዋ የጫነ መኪና እያቃሰተ አለፈ።
«ሊባን» ብዬ ጻፍኩ። «አምስት መቶ።»
«መመለሻው ቀን?» አለኝ።
ባዶ ቢተውም እንዲቀበል አድርገህ ነበር የሠራኸው።
ባዶ ተውኩት።
እሺ አለኝ።